መብሩካ ያደሰችው መመሪያ

መብሩካ ጊዜው ያለፈበት ነገር ዓይኗ አይችልም። ቡራዩ ባለው የአባቷ ሱቅ በር ላይ «የሞባይል ካርድ አለ» የሚል ወረቀት ትለጥፍና ካርዱ እንዳለቀ ወዲያው ገንጥላ ታወርደዋለች። አባቷ አባባ ከድሩ «አንቺ ልጅ፣ ሰው እኮ ካርድ ፈልጎ ገብቶ ሳሙና ገዝቶ ይወጣል፤ ምን አስቸኮለሽ?» ይሏታል። «ዋሽተን አስገብተነው?» ትላለች። እንዲህ ያለችዋን ልጅ ነው መሥሪያ ቤታችን የመመሪያ ክፍል ኃላፊ ያደረጋት። ክፍሉ እሷና አንድ ጠረጴዛ ብቻ ነበሩ።

እኔ ሉቃስ እባላለሁ። ወላጆቼ ከሆሳዕና ለፋብሪካ ሥራ ሰበታ መጥተው እዚያው ቤት ሠርተው ቀሩ። ቶሎ ግልፍ ይለኛል። ይህን ቀድሜ የምናገረው፣ እዚህ ታሪክ ውስጥ የተቆጣሁበትን ቦታ ሁሉ ለጠባዬ እንዳትሰጡት ነው። ማንም ይቆጣ ነበር።

ፒያሳ አንድ ፎቅ ላይ ባለች ትንሽ ድርጅት ውስጥ ለመድኃኒት ቤቶች የኮምፒውተር ፕሮግራም እንሠራ ነበር። ብዙ ሰው በአንድ ፕሮግራም ላይ ሲሠራ አንዱ የሌላውን እንዳያበላሽ፣ ማን ምን እንደቀየረ እየመዘገበ የሚያስቀምጥ ሶፍትዌር አለ፤ ቨርዥን ኮንትሮል ይሉታል። ድሮ የምንጠቀምበት ዓይነት ከቢሮው ሰርቨር ጋር ካልተገናኘ አንድም ነገር አይመዘግብም ነበር። በኋላ ጊት ወደሚባለው ዞርን። በጊት እያንዳንዱ ሰው ሙሉውን ሥራ በራሱ ኮምፒውተር ይይዛል፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይመዘግባል፣ ሲመቸው ወደ ሰርቨሩ ይልካል። ሶፍትዌሩን ቀየርን፤ መመሪያውን ግን የነካው ሰው የለም። ፋይሉ ሰርቨሩ ላይ፣ የታተመው ደግሞ በጥቁር ክላሰር ታስሮ አለቃችን አቶ ተሾመ ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠ ኖረ።

መመሪያው ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረች። «ከሰርቨሩ ጋር ያልተገናኘ ሠራተኛ በዕለቱ እንደሠራ አይቆጠርም» ትላለች። በድሮው ሶፍትዌር ጊዜ ትክክል ነበረች፤ ሰርቨሩ ካላየህ ሥራህ የትም የለምና። በኋላ ግን ሁላችንም ቢሮ እየገባን ስለምንሠራ ማንም ልብ ሳይላት ቀረች። በ2009 ዓመተ ምሕረት መስከረም ላይ ነው የታወሰችው።

የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ማስተር ፕላን ተሰርዟል ከተባለ ወራት አልፈው ነበር፤ የተነሳው ቁጣ ግን አልበረደም። ከኢሬቻው ኀዘን በኋላ ደግሞ መንገዱ ሁሉ ተዘጋጋ። ሰበታ ላይ አባቴ ያረጀበት ፋብሪካ ሲቃጠል ጭሱ ቤታችን ድረስ ገባ፤ አባቴ ደጅ ቆሞ ሲያይ ዋለ። መብሩካን ከቡራዩ አስኮ የሚያደርሳት ሚኒባስ ጠፋ። ሦስተኛው ባልደረባችን ዳዲ የሱሉልታ ልጅ ነው፤ በእሱ በኩል አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል። ቀጥሎ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ። ስልክ ይሠራል፣ የሞባይል ኢንተርኔት ግን ድርግም አለ። ሦስታችንም በየቤታችን ቁጭ ብለን እየሠራን እየመዘገብን መንገድ እስኪከፈት እንጠብቅ ጀመር።

አቶ ተሾመ ደወለልን። «ውባንቺ ሦስታችሁንም ቀሪ ብላ ይዛለች» አለ። ውባንቺ የአስተዳደር ሠራተኛችን ናት፤ የመገኛ ሰዓት የምትይዘውም፣ የድርጅቱን ማህተም የምታስቀምጠውም እሷ ናት። ቀሪ የሚለውን ቃል ስሰማ ስልኩን ግድግዳ ላይ ልፈጠፍጠው ምንም አልቀረኝም። ከመቼውም የበለጠ የሠራነው እኮ በዚያ ሰሞን ነው።

መብሩካ ግን በእርጋታ ተከራከረችው። «አቶ ተሾመ፣ እየሠራን ነው። ጊት ላይ እየመዘገብን ነው፤ መንገድ ሲከፈት እንልካለን።»

«የት ተጽፏል?»

«አልተጻፈም። መመሪያው አርጅቷል።»

«እንግዲያው አድሺውና አሳዪኝ። እስከ ጥቅምት መጨረሻ በወረቀት ካላየሁት ሦስታችሁንም አሰናብቼ ከተማ ውስጥ የሚኖር ሰው እቀጥራለሁ። እኔ በየቀኑ የትኛው መንገድ ተዘጋ እያልኩ ሬዲዮ ስሰማ አልውልም።»

ነገሩ እንግዲህ ይኸው ነው። የሦስታችን እንጀራ መብሩካ በምታድሰው መመሪያ ላይ ተንጠለጠለ። ለእሷ ደግሞ ይብስባት ነበር። ሱቁ ግማሹን ቀን ተዘግቶ ስለሚውል ቤቱን የያዘው የእሷ ደሞዝ ነው፤ ዘመዶቹ «ሴት ልጅ ፒያሳ ድረስ ምን ያመላልሳታል» ሲሉ አባባ ከድሩ ብቻቸውን ተሟግተው ነው ያስቀጠሯት።

ሱቁ ጓዳ በሩዝ ጆንያና በሳሙና ካርቶን መሃል ላፕቶፗን ዘርግታ ጀመረች። ደንበኛ ጮክ ብሎ ሲያወራ አባቷ «ቀስ፣ ልጄ ሥራ ላይ ናት» እያሉ ዝም ያሰኙላታል። በየቀኑ እየደወለች ያገኘችውን ጉድ ታወራኛለች። «ሉቃስ፣ 'በፍሎፒ ገልብጠህ ለኃላፊው አስረክብ' የሚል አገኘሁ!» ትለኛለች። በሌላ ቀን ደግሞ ከድርጅቱ ከለቀቁ ዘመን የሆናቸው ሰዎች ስልክ ቁጥር፣ ዛሬ ስክሪኑ ላይ የሌለ ቁልፍ የሚያሳይ ሥዕል። የሞተውን እያወጣች፣ መጨረሻ ላይ የተቀበረውን አስፈላጊ ነገር ወደ ፊት እያመጣች፣ ሦስት ቦታ የተደጋገመውን አንድ ቦታ እየሰበሰበች ሄደች።

ከሁሉ የወደደችው ግን አዲስ የጨመረችውን ምዕራፍ ነው። «ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራ እንዴት እንደሚቀጥል» አለችው። እውነትም ቀጥሎ ነበር። እኔ መንገድ በተከፈተ ቀን አየር ጤና ድረስ ወጥቼ ሥራዬን በፍላሽ ለታላቅ ወንድሟ ለየህያ እሰጣለሁ። እሷ ቡራዩ ላይ የእኔንና የራሷን አንድ ታደርጋለች። የህያ ለጫንጮ ገበያ ሸቀጥ ሲጭን ፍላሹን በሻይ ቅጠል ካርቶን ውስጥ ከትቶ ሱሉልታ ላይ ለዳዲ ያወርድለታል። ይህን ሁሉ ማን ለማን እንደሚያቀብል ከነስማችን ልቅም አድርጋ ጻፈችው። አነበብኩት። ሕፃን ልጅ እንኳ የሚገባው ገጽ ነበር።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ጸጥ ያለ ቀን ተገኘና እኔና መብሩካ ቢሮ ገባን። ላፕቶፗን ከሰርቨሩ ጋር አገናኝታ ሥራዋን ልትልክ ስትል ሶፍትዌሩ «ግጭት አለ» አላት። ትልቅ ነገር አይደለም፤ ውባንቺ እዚያው መመሪያ ላይ የበዓላትን ቀን ጨምራ ኖሮ ከሁለቱ የትኛው እንደሚያዝ መምረጥ ብቻ ነበር የሚፈልገው። የዙህር ሰዓት ስለደረሰ መብሩካ «ሰግጄ ልምጣ» ብላ ወጣች። እኔም ሻይ ልጠጣ ወረድኩ።

ስንመለስ አቶ ተሾመ ላፕቶፗ ፊት ተቀምጧል፤ ጥቁሩ ክላሰር አጠገቡ ተከፍቷል። ፊቱ በደስታ ወዝቷል። «ተጣብቆብሽ ነበር፤ አስተካከልኩልሽ» አላት።

«ምን አደረጉት?»

«መመሪያው የሚለውን ነዋ።» ጣቱን ገጹ ላይ አድርጎ አነበበልን። «ግጭት አለ ብሎ እምቢ ካለ ፎልደሩን ሰርዝ፣ ትራሹንም ባዶ አድርግ፣ ከሰርቨሩ እንደገና አውርድ።»

በድሮው ሶፍትዌር ይህ ምንም ጉዳት አልነበረውም፤ የተመዘገበው ሁሉ ሰርቨሩ ላይ ነው ያለው። በጊት ግን የመብሩካ የሳምንታት ሥራ ገና አልተላከም። ቢሮ የደረሰው ቅጂ እዚያ ፎልደር ውስጥ ያለው ብቻ ነበር። መብሩካ ሻሿን በእጇ እንደያዘች ስክሪኑን አየችው። አዲስ የወረደው ፎልደር ውስጥ ያለው ያው አሮጌው መመሪያ ነው፤ ፍሎፒው ሳይቀር ተመልሷል።

«ትራሹንም?» አለች ቀስ ብላ።

«ባዶ ነው። አንድም አልቀረ።»

«አቶ ተሾመ፣ ይቺን ገጽ እኮ ከሁሉ አስቀድሜ ነው ያወጣኋት። ለጊት አትሠራም፣ ሥራ ታጠፋለች ብዬ ጽፌ ነበር።»

«የት ጻፍሽው?»

«እርስዎ በሰረዙት ውስጥ።»

ያኔ ነው የጮኽኩት። ምን ምን እንዳልኩ ሁሉ አይጻፍም። አቶ ተሾመም ደንግጦ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ግን ወዲያው ክላሰሩን ታቅፎ «እኔ ከተጻፈው አንዲት ፊደል አልወጣሁም» ይል ጀመር። መብሩካ ወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እኔ ጋ ያለው ጅምሩ ብቻ ነበር። ድንገት ብድግ አለችና ለዳዲ ደወለች፤ አንብቦ እንዲያርምላት ሙሉውን የላከችለት ለእሱ ነው።

ዳዲ ሲያወራ ጎረቤት ይሰማዋል። «አካም ጅርታ መብሩኮ!»

«ዳዲ፣ የላክሁልህ አለ? ሙሉው?»

«ጂራ! አለ እንጂ! ምነው ድምፅሽ?»

የሆነውን ነገረችው። መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ «ነገ ይዤላችሁ እመጣለሁ፤ ሂንያዳይን፣ አታስቢ» አላት። «ደግሞ አቶ ተሾመ ወረቀት ካልያዘ አያነብም አይደል? እዚሁ አሳትሜ፣ አስጠርዤ ነው የማመጣለት።» ከጎናችን የቆመው አቶ ተሾመ ይህን ሰምቶ «ጎበዝ ልጅ» አለ።

በማግስቱ ጠበቅነው። ረፋዱ አለፈ፤ ስልኩ ተዘግቷል። ምሳ ሰዓት አለፈ። የቢሮው ስልክ ሲጮህ አቶ ተሾመ አነሳው፤ በደንብ ስለማይሰማው ሁልጊዜ ድምፁን ክፍት ያደርገዋል፣ ስለዚህ ሁላችንም ሰማን።

«ዳዲ የሚባል ሠራተኛ አላችሁ?» አለ አንድ የማናውቀው ሰው።

«ለምን ፈለጉት?»

«ከሱሉልታ ሲመጣ ኬላ ላይ ተይዞ እዚያው አጠገብ ባለው ፖሊስ ጣቢያ ነው ያለው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ያሉ ሰዎች እየተቀባበሉ ሥራ እንዴት እንደሚቀጥሉ የሚያስረዳ ጥራዝ ይዟል። ማን ለማን በምን እንደሚያቀብል በስም ተጽፏል። የመሥሪያ ቤቴ መመሪያ ነው ይላል። የእናንተ ነው?»

ያን ገጽ ስንቴ አንብቤዋለሁ፤ ግልጽነቱን ስንቴ አድንቄያለሁ። በዚያ ሰው ድምፅ፣ በዚያ አዋጅ መሃል ስሰማው ሌላ ወረቀት ሆነብኝ። መብሩካ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። አቶ ተሾመ እኛን አየን፣ ክላሰሩን አየ።

«የእኛ መመሪያ እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። እሱ የያዘውን አላውቀውም» አለ።

«ሰውየውስ? ሠራተኛችሁ ነው?»

«ነበር። ከሥራ ከቀረ ሰነበተ። በመመሪያችን መሠረት እንደ ሠራተኛ አይቆጠርም።»

ስልኩን ዘጋው። ሰው እንዲህ ይላል ብዬ አስቤ አላውቅም። ትናንት «ጎበዝ ልጅ» ያለ አፍ ነው እኮ! መብሩካ «አቶ ተሾመ፣ ዳዲ ለእርስዎ ብሎ ነው ያሳተመው» አለች። እሱ «እኔም ልጆች አሉኝ» ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ውባንቺ ከጥግ ተነሳች። ቀሪ ብላ የያዘችን እሷ ናትና አንድም ደግ ነገር አልጠበቅኩም። የድርጅቱን ስም የያዘ ወረቀት አውጥታ መተየብ ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አላት አቶ ተሾመ።

«ደብዳቤ እየጻፍኩ።»

«በማን ትእዛዝ?»

መተየቧን አላቆመችም። ዳዲ፣ መብሩካና ሉቃስ የድርጅቱ ሠራተኞች እንደሆኑ፣ መንገድ በተዘጋበት ጊዜ ሁሉ በሥራ ላይ እንደነበሩ፣ ጥራዙም የሥራ መመሪያችን እንደሆነና ያዘጋጀችውም መብሩካ ከድሩ እንደሆነች ጻፈች። በአለቃው ቦታ «ስለ» ብላ ፈረመች። ከዚያ ከመሳቢያዋ ክቡን ማህተም አውጥታ ጠበቅ አድርጋ መታችበት። አቶ ተሾመ ሊከለክላት ይችል ነበር፤ ከወንበሩ ግን አልተነሳም።

ታክሲ ውስጥ መብሩካ ለአባቷ ደውላ ዳዲ መያዙንና ልናስፈታው እየሄድን መሆኑን ነገረቻቸው፤ ከዚያ ደብዳቤውን ደጋግማ አነበበች። «'ሠራተኞቻችን ናቸው' ይላል፣ አየህ? በማህተም!» አለችኝ። በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሃል ፊቷ በራ። እኔም፣ ልዋሽ አልችልም፣ ደስ አለኝ። ከመስከረም ጀምሮ ስንለምነው የከረምነው ቃል ነበር። ዳዲን አስፈትተን ሦስታችን አብረን እንመለሳለን፣ ነገ ሥራ እንገባለን ብለን ተነጋገርን።

ጣቢያው ውስጥ የተቀበለን መርማሪ ትሑት ሰው ነበር፤ ወንበር ሰጠን። ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበበ፣ ማህተሙን ወደ ብርሃን ዞር አድርጎ አየ። «ጥሩ። ሠራተኛ መሆኑ ተረጋግጧል» አለ። ዳዲን አመጡት። ቀበቶና የጫማ ክር የለውም፤ ሱሪውን በእጁ ይዟል። ያ ቀልደኛ ልጅ ሲያየን ፈገግ ሊል ሞክሮ አልሆነለትም።

«ይሄ ተሸክሞ የመጣ ብቻ ነው፤ ይሂድ» አለ መርማሪው። ከዚያ ጣቱን ደብዳቤው ላይ አድርጎ «ያዘጋጀችው ግን መብሩካ የምትባል ናት ይላል። የት ትገኛለች?»

እግሯን ልረግጣት እግሬን አንቀሳቅሼ ነበር። አልደረስኩም።

«እኔ ነኝ» አለች፣ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው እያስጠጋች። «ያልገባዎት ነገር ካለ ላስረዳዎት። በጣም ቀላል ነው፣ መጀመሪያ ሶፍትዌሩ ምን እንደሚሠራ ልንገርዎት...»

«ትነግሪናለሽ፤ ጊዜ አለን» አላት፣ በዚያው ትሕትናው። ወደ በሩ ምልክት ሲሰጥ አንዲት ሴት ፖሊስ ገባች። መብሩካ ገና እጇን ዘርግታ ስለ ጊት እያስረዳች ነበር። ሴትዮዋ ክንዷን ስትይዛት ነው ዞር ብላ ያየችኝ። እንዲያ ያለ ፊት አይቼ አላውቅም። አልፈራችም፤ ግራ ነው የገባት። ሁሉን በትክክል ጽፋ፣ ሁሉን በትክክል ተናግራ ነበር እኮ።

«ከእነሱ አንዱ እኔ ነኝ፣ ሉቃስ ማለት እኔ ነኝ!» ብዬ ተነሳሁ።

«አውቀናል። አድራሻህ ተጽፏል፤ ስንፈልግህ እንጠራሃለን» አለኝ። ደብዳቤውን አጥፎ ፋይል ውስጥ ከተተው።

ደጅ ላይ ዳዲ የጫማውን ክር እያሰረ አለቀሰ። «ባላሳትመው ኖሮ» ይላል፣ መልሶ «ባላሳትመው ኖሮ»። ንዴቴን በማን ላይ እንደማወርድ እንኳ ጠፍቶኝ ነበር። ጀንበር ሳትጠልቅ ቡራዩ መድረስ ስለነበረብን ታክሲ ይዘን ሄድን።

አባባ ከድሩ ሱቃቸውን ሊዘጉ ግማሹን በር አውርደዋል። ገና ከሩቅ ሲያዩን ቁልፉን ኪሳቸው ከተው ወደ እኛ መጡ። «አሰላሙ አለይኩም! ኦ ዳዲ፣ ነጉማ፣ ደህና ነህ? ተፈታህ? አልሐምዱሊላህ!» አሉና ዳዲን አቀፉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ወሩን ሙሉ የጨነቃቸውን ነገር ጠየቁ።

«የልጄ ሥራስ? ጸናላት?»

«አዎ አባባ፣ ጸናላት» አልኳቸው። «በማህተም ነው የጻፉላት።»

አባባ ከድሩ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው አመሰገኑ። ከዚያ በትከሻዬ ላይ አሻግረው፣ ከኋላችን እየመጣች እንደሆነ ለማየት መንገዱን ተመለከቱ።